ኒኪታስ ያወጣላት ስም

ለውድ ታላቅ እህቴ፤

እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽና ልጆችሽስ? እኛ እዚህ በፀሐይ ስንቃጠል እናንተ ዘንድ ብርድ ነው ይላሉ። እውነት ከሆነ ደረትሽን ሸፍኚ፤ ጉንፋን ድሮም ቶሎ አይለቅሽም ነበር። እኛ ሁላችን አለን። የእማማ ጉልበት እንደ ወትሮው ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያማታል፣ ሳይመጣም ያማታል። አባባ ደህና ነው፤ ቢያንስ ሰው ሲጠይቀው እንዲያ ይላል።

ይህን ደብዳቤ እንደ ሌላው ጊዜ በባልሽ አድራሻ አልላክሁትም። በእጅሽ እንዲሰጥሽ እዚያው ላለው ለትንሹ ወንድማችን ነው የላክሁት። ቅር እንዳይልሽ። ከሄድሽ ጀምሮ ከእናንተ ቤት የሚመጣው ሁሉ የባልሽ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ መጨረሻው ላይ «እሷም ሰላም ብላችኋለች» ይላል። ዛሬ የምጠይቅሽን ግን ባልሽ ሊመልስልኝ አይችልም። ግራ ገብቶኛል፤ አንቺ ራስሽ መልሺልኝ።

ሴት ልጅ መውለዴን ሰምተሻል። ከፋሲካ በኋላ ነው የተወለደችው። ጸጉሯ ጥቁር ነው፤ ስታለቅስ እስከ ወደቡ ትሰማለች። ክርስትና እስክትነሳ ድረስ እንደ ማንኛዋም ሕፃን ስም አልነበራትም፤ ስሟ ግን የታወቀ ነበር። ካሊዮፒ፣ የእማማ ስም። የመጀመሪያ ሴት ልጅ የእናቷን እናት ስም ትይዛለች፣ ስሙን የያዘች ደግሞ ቤቱን ትይዛለች። ይህን ላንቺ መንገር የለብኝም። አንቺም የእማማን እናት ስም ይዘሽ ነው ያደግሽው፤ ቤቱም ያንቺ ነበር። አንቺ ስትሄጂ ተዘግቶ ቁልፉ እማማ እጅ ቀረ። እኔ የአባባን እናት ስም የያዝኩ ሁለተኛ ልጅ ነኝና አይደርሰኝም፤ ለልጄ ግን ይደርሳታል ተባለ። እኔና ሚናስ አሁንም ከጀልባ መጠገኛው በላይ ባሉት ሁለት የኪራይ ክፍሎች ውስጥ ነን። ብርድ ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል፤ ሕፃን የሚያድግበት ቦታ አይደለም።

ክርስትና ላንሳላችሁ ብሎ የመጣው ኒኪታስ ነው፣ ባለ ጀልባው። አሁንማ ባለ ጀልባ የሚለው የለም፤ መንግሥት አዲሱን የድንጋይ መቆሚያ ካሠራ ወዲህ መርከቡ ራሱ እስከ ድንጋዩ ስለሚጠጋ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሰው አያስፈልግም። ኒኪታስ ዓሣ ያጠምዳል። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በራችን ላይ ቆመና «ሚናስ፣ ሕፃኗን እኔ ላንሳት» አለ። ክርስትና ላንሳ ያለን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ሚናስም አልመለሰው፣ እቅፍ አድርጎ ሳመው። እኔም ደስ አለኝ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሴቶቹ በየዓመቱ ሙሽራ ይፈልጉለታል፤ እሱ በየዓመቱ «ቆይ፣ መረቤን ልጠግን» ይላቸዋል። አባባ ብቻ ሲሰማ «ሌላ ሰው ጠፋ?» አለ። ምን አለበት ስለው «ምንም» አለኝ።

በክርስትናው ቀን እንደ ደንቡ እናትየዋ ቤት ቀረሁ። የፍየሉን ሥጋ ጠብሼ፣ ወይኑን ቀድቼ፣ በስኳር የተለበጠውን ለውዝ በሳህን አድርጌ፣ ሳንቲም በመሐረቤ ቋጥሬ ደጃፍ ላይ ቆምኩ፤ ስሙን ቀድሞ ለሚነግረኝ ልጅ። ቀድማ የደረሰችው የእትዬ ፎቲኒ የልጅ ልጅ ናት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ኢፊጌንያ!» አለችኝ። «ሂጂ፣ አትቀልጂ» አልኳት። «ኢፊጌንያ ነው ያሉት! ሳንቲሜን አምጪ!» አለች። ከኋላዋ የመጡትም ሁሉ ያንኑ ጮኹ። እጄ መሐረቡ ላይ እንዳለ «ኢፊጌንያ ማን ናት?» ብዬ ጠየቅኋት። «ልጅሽ ናታ!» አለችኝ። ሰጠኋት፤ ምን ላድርግ?

የሆነውን የነገረኝ ሚናስ ነው፤ እየሳቀ። ሚናስ ሲደነግጥ ነው የሚስቀው። ቄሱ ፓፓ ሌፍተሪስ ቅብዓ ዘይቱን ይዘው ስሟን ጠየቁ። ኒኪታስ ሕፃኗን እንዳቀፈ፣ ደጅ ካለው እጣን ሻጭ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ ኢፊጌንያ አለ። ፓፓ ጎንበስ ብለው «ካሊዮፒ ማለትህ ነው አይደል፣ ልጄ?» አሉት። «አይደለም አባ፣ ኢፊጌንያ» አላቸው። እማማ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች የጎረቤቱን ሁሉ ክርን ትጎትት ነበር። አባባ ግን ማንንም አልጠየቀም። ቆሞበት ከነበረው ከዓምዱ ሥር ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ኮፍያውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ! አባባ! ግብዣውም ላይ አልመጣም።

ዘይቱ አንዴ ከፈሰሰ አይታፈስም። ስሙ ስሙ ሆነ። ከዚያ በኋላ ውኃ ለመቅዳት በወጣሁ ቁጥር አንድ አዲስ ነገር እሰማለሁ። አንዷ የጀልባው ስም ነው ትላለች፤ ሌላዋ «እውር ነሽ? ጀልባው ላይ የተጻፈው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው» ትላታለች። ፒሬየስ ወደብ ያስቀመጣት ሴት ናት ያለችም አለች። እትዬ ፎቲኒ ደግሞ «ኒኪታስ ከዚህ ርቆ የሄደው ጥርሱን ሊያስነቅል ሮድስ ድረስ ነው። ምናልባት ጥርስ ነቃይዋ ትሆን?» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

እማማን ሳቅ አላማራትም። «ቤቴ ስሜን ለያዘች ነው፤ ለአረማዊት ቁልፍ አልሰጥም» አለችኝ። ፓፓ ሌፍተሪስ ሊያስታርቁን መጡ። አረማዊት ብቻ አይደለችም፣ ቅድስትም አለች አሉን፤ ቀኗም በገና ጾም መግቢያ ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፣ ሐዋርያው ማቴዎስ ያጠመቃት። እማማ «ኢትዮጵያ የት ነው?» አለች። ከግብፅ ወዲያ ነው አሏት። «ታዲያ ከግብፅ ወዲያ ያለች ልዕልት ለእኔ ጓዳ ምን ትሠራልኛለች?» አለች። ፓፓ ታግሠው ቀጠሉ። አንድ ንጉሥ ላግባሽ ቢላት እምቢ አለች፤ ተናዶ ቤቷን በእሳት ቢያስከብብ እሳቱ ዞሮ የእሱን ቤተ መንግሥት በላው። እማማ በዚህ ጊዜ ሹራብ መሥሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እምቢ አለችው?» አለች። «እምቢ አለችው» አሏት። «አባቷስ ምን አላት?» አለች። ፓፓ መጽሐፉን ገለጥ አድርገው አዩና «አባቷ ሞቶ ነበር» አሏት። እማማ ሹራብ መሥሪያዋን መልሳ አነሳች። ቁልፉን ግን ከወገቧ አልፈታችም።

ሚናስ መላ አለኝ ይላል። «ለእግዚአብሔር ኢፊጌንያ፣ ለመንግሥት ካሊዮፒ! ማዘጋጃ ቤት ካሊዮፒ ብለን እናስመዝግብ፣ እማማ ቁልፉን ትስጠን፣ ኒኪታስም ስሙን ይዞ ይኑር» ይላል። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ በመንገድ ባገኘኝ ቁጥር «እህስ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» ይለኛል። ሕፃኗን እያጠባሁ በየትኛው እንደምጠራት አላውቅም ነበር። «አንቺ» እላታለሁ።

ስሙ ከየት እንደመጣ ልጠይቅ ጋሽ ክሌአንቲስ ዘንድ ሄድኩ። አስተማሪሽን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ምላሳቸው አልጠፋም። ከቀናት በፊት እማማ መንገድ ላይ አግኝታቸው ስለ አረማዊ ስም ስታማርር «የእርስዎስ ስም፣ እሜቴ ካሊዮፒ? ሰማዕቷ ካሊዮፒ ከመወለዷ በፊት የዘፈን አምላክ ስም ነበር እኮ» ብለዋት «ዓይንዎ ስለማያይ ነው እንዲህ የሚደፍሩኝ» ብላቸው ሄዳለች።

እኔን ግን አስቀምጠው ረጋ ብለው ነገሩኝ። ትርጉሙ ጠንክራ የተወለደች ማለት ነው። የቅድስቲቱ ከመሆኑ በፊት የአንድ ንጉሥ ልጅ ስም ነበር። ንጉሡ ለጦርነት መርከቦቹን ወደብ ላይ ሰበሰበ፤ ነፋስ ግን የለም። ሴት ልጅህን ካልሰጠህ አይነሳልህም ተባለ። ለልጅቷ ልድርሽ ነው ብሎ ላከባት። የሙሽራ ልብስ ለብሳ መጣች። የጠበቃት ግን ሙሽራ አይደለም፣ የመሥዋዕት ድንጋይ ነው። ያን ጊዜ ነፋሱ ተነሳ፤ መርከቦቹም ተራ በተራ ወጡ። አንዳንዱ ሞታለች ይላል። ሌላው ደግሞ፣ በእሷ ፈንታ አጋዘን ተተክቶ እሷ ከባሕር ማዶ ባዕድ አገር ተወሰደች፣ እዚያም ብዙ ዘመን ኖረች፣ ቤተሰቧ ግን የሞተች መሰላቸው ይላል። የትኛው ነው እውነቱ አልኳቸው። «እንደ ተራኪው ነው» አሉኝ። «አባትየው የሚያምነው ሁለተኛውን ነው። ይቀለዋል።»

ከዚያም ስሙ ብዙ ዘመን ተትቶ እንደኖረ ነገሩኝ። ማን ለልጁ እንዲህ ያለ ዕጣ ይመኛል? ካህናቱም የሰማዕታቱን ስም ነበር የሚወዱት። ቱርኮች ከዋናው ምድር ከወጡ በኋላ ነው የጥንቱ ስም ሁሉ ከየመጽሐፉ ተመዝዞ የወጣው፤ መጀመሪያ ባለ መርከቦች ለመርከቦቻቸው ሰጡት፣ ቀጥሎ የተማሩ ሰዎች ለሴት ልጆቻቸው። እኛ ደሴት ግን አልደረሰም አሉኝ። ልነሳ ስል «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ቀን ደርሷል» አሉ። እንዴት አልኳቸው። «እህትሽን ጠይቂያት» አሉኝ።

አንቺ ሩቅ ነሽ፤ እትዬ ፎቲኒ ግን ቅርብ ናት። ስነግራት ግንባሯን መታች። «አይ እኔ ዶሮ! ጥርስ ነቃይ እላለሁ!» አለች። «ጣሊያኖቹ ደሴታችንን ለቀው የሄዱ ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በተማሪዎቹ ቴአትር ኢፊጌንያ ሆና ነጭ አንሶላ ለብሳ የቆመችው እህትሽ አይደለችም እንዴ? አንቺ ኩፍኝ ይዞሽ ተኝተሽ ነበር። እኔ አልቅሼ አልቅሼ መሐረቤን ጣልኩት።» ኒኪታስስ አልኳት። «እሱማ ነፋሱ ነበር» አለችኝ። ከግንቡ ኋላ አሮጌ ሸራ ይዞ ቆሞ፣ መጨረሻ ላይ ነፋሱ ሲነሳ ሊያወዛውዘው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ አላወዛወዘም። ጋሽ ክሌአንቲስ «ነፋስ! አንተ ነፋስ!» እያሉ ቢጮሁበት ሸራውን መሬት ጥሎ እጁን አጣምሮ ቆመ። «እህትሽም ዓይኗን ጨፍና ስትጠብቅ ቆይታ መጨረሻ ላይ ፈገግ አለች» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ሳቀ። አባትሽም ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ስቋል።»

ይህን አንድም ቀን አልነገርሽኝም።

እኔ የማስታውሰው ሌላ ቀን ነው። ወደቡ ላይ ሳጥንሽ ላይ ተቀምጠሻል፤ የሙሽራ ልብስ ለብሰሽ፣ የወርቅ ሳንቲሞቹ በአንገትሽ ላይ። ገና በዓይንሽ ያላየሽው ባልሽ ፎቶግራፉ አባባ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ወጣ እያደረገ ለሰው ያሳያል። ነፋሱ ብርቱ ነው፤ መርከቡ ከሩቅ ቆሟል፣ ሊሄድ ነው ይባላል። ኒኪታስ «በዚህ ባሕር ጀልባ አላወጣም፣ ብትገድሉኝም» አለ። ሌላ ጀልባ አልነበረም። አባባ ከወደቡ በላይ ወዳለችው ወደ ቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ወጣ፣ ነፋሱ ቢቆምልኝ ከብር የተሠራች ትንሽ መርከብ አገባለሁ ብሎ ተሳለ። ሲወርድ ነፋሱ ቆመ። ሁሉም አማተበ። አንቺ ቀና ብለሽ ኒኪታስን አየሽው፤ እሱ ገመዱን ፈታ። አንቺን መርከቡ ላይ አድርሶ ሲመለስ መቅዘፊያውን አልያዘም፤ ጀልባዋ በራሷ ነው ወደ ዳር የመጣችው። ከዚያ ባልሽ የመግቢያ ወረቀት ላከ፣ ወንድማችን ቫሲሊስ ሄደ። ሌላ ወረቀት መጣ፣ ሁለተኛው ሄደ። ከዚያ ትንሹ። አባባ ጎረምሶቹን ሁሉ ከዚህ ድንጋይ ላይ አወጣኋቸው እያለ ይኮራ ነበር።

ይህን ከጋሽ ክሌአንቲስ ተረት ጋር ላስተያየው ሞከርኩ። አይገጥምም። ንጉሡ ነፋስ እንዲነሳለት ነው የፈለገው፤ አባባ የለመነው እንዲቆምለት ነው። እዚያ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ባል አለ፣ ቤት አለ፣ ልጆች አሉሽ። ስለዚህ ሌላ ነገር ነው። ሌላ ነገር መሆን አለበት። አይደለም እንዴ? የምጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

መጨረሻ ላይ ኒኪታስን ራሱን ጠየቅሁት። መቆሚያው ላይ እግሩን ዘርግቶ መረብ ይሰፋ ነበር። «አበልጄ፣ ለምን?» አልኩት። «ክርስትና ያነሳ ስም ያወጣል። አወጣሁ» አለኝ። የእማማን ስም ነግረንህ ነበር አልኩት። «ነግራችሁኛል» አለ። ታዲያ ስለው «ሰው በየቀኑ ጮክ ብሎ እንዲጠራው ነው» አለ። ማን አልኩት። «አባትሽ» አለኝና ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ተናደድኩ። ልጄን ለእናንተ ነገር መጫወቻ አደረግሃት አልኩት። ዓይኑን አላነሳም። «ቤቱን አሳጣኋችሁ፤ አውቃለሁ። የማላውቅ እንዳይመስልሽ» አለኝ።

አባባ ከክርስትናው ቀን ጀምሮ ደጃችንን አልረገጠም ነበር። ትናንት መጣ። ሚናስ ወንበር ቢያቀርብለት አልተቀመጠም። ቤተ ክርስቲያን እንዳልነበረ እንግዳ፣ ከሕፃኗ አልጋ አጠገብ ቆሞ «ስሟ ማነው?» አለ። ሚናስ አፉን ሲከፍት በእጁ ዝም አሰኘው። የሚያየው እኔን ነበር። ካሊዮፒ ብለው ኖሮ ለእማማ ነግሮ ቁልፉን ያስመጣልን እንደነበር አውቃለሁ። ሚናስም ያውቃል፤ ከአባባ ኋላ ሆኖ በከንፈሩ ካሊዮፒ፣ ካሊዮፒ ይለኛል። «ኢፊጌንያ» አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ከዚያ በፊት በአፌ ብዬው አላውቅም።

አባባ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እሱም ጎንበስ ብሎ፣ ጮክ አድርጎ፣ ጠራት። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች። ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠ። የብሯ መርከብ ናት። በሻማ ጢስ ጠቁራለች። «አባባ፣ ስለት ተመልሶ ይነሳል እንዴ?» አልኩት። «ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያነሳሁትም እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ «ትደግ» አለና ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠኝ «ለእህትሽ ትጽፊያለሽ?» አለኝ። ከሄድሽ ጀምሮ ስላንቺ በራሱ አፍ ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እጽፋለሁ አልኩት። «መርከቡ አሁን እስከ ድንጋዩ ይጠጋል በያት» አለኝ። «ጀልባ አያስፈልግም። ነፋስ ኖረ አልኖረ ይጠጋል በያት።»

ይህን እንድታውቂ ለምን እንደፈለገ አልጠየቅሁትም። እንዳለኝ ጽፌልሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ኢፊጌንያ ብዬ አስመዘገብኳት፤ ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሚናስ አኩርፏል፣ እስከ እራት ይለቀዋል። እማማ እሺም እምቢም አላለችም። ቤቱን ግን እንደ ድሮው በየቅዳሜው ትከፍተዋለች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሳህኖች አንድ በአንድ አውርዳ ትወለውላለች፣ ከፍ ያለውን የእንጨት አልጋ አንሶላ ትቀይራለች። ማንም አይተኛበትም።

እመቤታችን አንቺንም ልጆችሽንም በጥላዋ ትሸፍናችሁ። ባሕሩ ለወንድሞቻችን የዋህ ይሁንላቸው። የጠየቅሁሽን መልሺልኝ፤ አጭርም ቢሆን በራስሽ እጅ ጻፊው።

ናፋቂሽ፣
ታናሽ እህትሽ